ያላነበብኩት የገዲሴ ረቂቅ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእትዬ ዙሌካ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሰነበተ? የጎባ ብርድ ዘንድሮም አለቀቀሽም ወይ? ባለቤትሽ ሸምሱ እንዴት ነው፣ ያ የጎን ውጋቱ ተሻለው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሱቁ ሁሉ ሰላም ነው? እኛ እዚህ ጎፋ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሐሚዳ ደህና ናት፤ ልጆቻችንም ፈተናቸውን ጨርሰው ክረምቱን እየጠበቁ ነው። ዝናቡ ከአሁኑ ጀምሮናል፤ የሰፈራችን ጭቃ ጫማ እየነጠቀ ያስቀራል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም በሽታ ሆኖ አይደለም።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ወር አለፈው። በሁለተኛው ደግሞ፣ ለዒድ እንኳ ሁለት መስመር ነፈግኸኝ፣ ዶክተር ስትሆን እህትህን ረሳህ ወይ ብለሽ ተቆጥተሻል። ተይ እትዬ፣ አልረሳሁሽም። እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ደህና ነኝ ብሎ መዋሸቱ አቃተኝ፤ እውነቱን መጻፉ ደግሞ አሳፈረኝ። መሠረተ ትምህርት ይባረክና ዛሬ ማንም ሳያነብልሽ ራስሽ ስለምታነቢው ነው የደፈርኩት። ፊደሉን ተለቅ አድርጌልሻለሁ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ስትጨርሺው የምትሰድቢኝ ከሆነ ስድቡን በፖስታ ላኪልኝ፤ ይገባኛል።

ነገሩ የአንዲት ተማሪዬ ነገር ነው። የዶክትሬት ትምህርት ማለት፣ እትዬ፣ እንደ ሌላው ትምህርት አስተማሪ ሲናገር ተማሪ የሚጽፍበት አይደለም። ተማሪው ማንም ያላወቀውን ነገር ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ለክቶ ይጽፋል። አማካሪ የሚባል ሰው ይሰጠውና ያ ሰው የጻፈውን ያነብለታል፣ ሲሳሳት ይነግረዋል፣ ሲደክመው አይዞህ ይለዋል። ድሮ ለዚህ ትምህርት ባሕር መሻገር ነበረብን፤ እዚሁ አገራችን ከተጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ እኔ እጅ ላይ ወደቀች። ወደቀች ያልኩት ሳላስበው ነው፤ ግን ትክክለኛው ቃል እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስሟ ገዲሴ በንቲ ነው፤ የለቡ ገበሬ ልጅ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ታናሽ ወንድሟ ሞልቱ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል፤ ለዚያ ቤት የቀረችው ተስፋ እሷ ናት። የምታጠናው የጉድጓድ ውሃ ነው። ከመካኒሳ እስከ ለቡ ሃያ አንድ ጉድጓድ መርጣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሳምንት ሳታጓድል፣ በእግሯ እየዞረች ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ እያወረደች ውሃው ምን ያህል እንደራቀ ለካች። እነዚያን ጉድጓዶች የመረጠቻቸው እኔ ራሴ በ1965 እና በ66 ዓ.ም. ገና ጀማሪ ሳለሁ የለካኋቸው ስለሆኑ ነው። የሷን ልክ ከኔ ጋር አስተያይታ ውሃው በነዚህ ዓመታት ምን እንደሆነ ልታሳይ አስባ ነበር። የኔን ልክ ታስታውሺው ይሆናል፤ ሶቪየት ኅብረት ሳለሁ ያሳተምኩት ጽሑፍ እሱ ነው። ዶክተር ያሰኘኝም እሱ ነው፤ አንቺም ለጎባ ሰው ሁሉ ያወራሽልኝ።

ባለፈው ሐምሌ መቶ ሰማንያ ገጽ ረቂቅ በካኪ ፖስታ አድርጋ አመጣችልኝ። ታይፕ ያደረገችላት ጸሐፊያችን አሰገደች ናት። በሁለት ሳምንት አንብቤ እመልስልሻለሁ አልኳትና መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ነሐሴ ስብሰባ ነበር። መስከረም የአብዮት በዓል ዝግጅት መጣ። ጥቅምት የቀበሌ፣ ኅዳር የኮሚቴ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር። ምክንያት መደርደር እችልበታለሁ፣ እትዬ፤ እውነቱ ግን ጋዜጣ የማነብበት ጊዜ ነበረኝ። እሷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች። በሩ ላይ ትቆማለች፤ ግቢ ሳልላት አትገባም፣ ተቀመጪ ሳልላት አትቀመጥም፤ እኔም አልላትም። እያየሁት ነው እላታለሁ። እሺ መምህር፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎት ትለኝና ትሄዳለች። ስድስት ወር ሙሉ ለኔ ጥፋት እሷ ይቅርታ ስትጠይቅ ከረመች።

ደግሞ እንደተደረገብኝ ነው ያደረግሁት እንዳልል አልተደረገብኝም። እዚያ በረዶ አገር የነበሩት ፕሮፌሰሬ የሰጠኋቸውን ገጽ ከሳምንት በላይ አያቆዩብኝም ነበር። ስህተቴን ሲያሳዩኝ ከጠረጴዛው ማዶ አይቀመጡም፤ ወንበራቸውን ስበው ከጎኔ ይመጡና አብረን እንይ ይሉኛል። አንቺም ብትሆኚ ስድስተኛ ክፍል ስወድቅ አንድ ጎረቤት እንዲሰማ አላደረግሽም። እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ ያለፍኩ ሰው ሆኜ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ ተማሪ ካመሰገኑት ይበላሻል፣ ካልተቆጡት አይማርም የሚል አመል አወጣሁ። ሰው ሲፈራኝ ያከበረኝ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይኸው አሁን ነገርኩሽ።

ጥር ላይ ገዲሴ ሥራዋን በሴሚናር እንድታቀርብ ቀን ተቆረጠ። መምህራኑ፣ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴው፣ ሌሎቹም ተማሪዎች፣ አርባ ሰው ቢሆን ነው አዳራሹ ውስጥ የነበረው። ረቂቁን አላነበብኩትም ብዬሻለሁ። በዚያ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ሠንጠረዦቹን ብቻ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። የኔ የድሮው ልክ ያለበት ገጽ ላይ ስደርስ ቁጥሩ እኔ ካሳተምኩት ጋር አልገጥም አለ። የአራቱ ወር ልክ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው፣ እኔ ባስቀመጥኩበት ዓመት የለም፤ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል። ያን ጊዜ አንድ ጥርጣሬ ሽው ብሎብኛል፤ ይህን ከሐሚዳ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ የዚያኑ ዕለት ይገባኝ ነበር። ማሰቡን አልፈለግሁትም። ተናደድኩ።

ተናግራ ስትጨርስ ሰው አጨበጨበላት። እኔ ተነሳሁ። ሂስና ግለ ሂስ የዘመኑ ወግ አይደል፤ ሂስ አለኝ አልኩ። ይቺ ተማሪ የመምህሯን ቁጥር እንኳ በትክክል መገልበጥ አልቻለችም፣ ይህን ያልቻለች ሰው ጉድጓዱን መለካቷን በምን እናምናለን አልኩ። ድንጋይ እየወረወረች ጥልቀቱን በጆሮዋ ነው እንዴ የለካችው አልኩ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ጣፈጠኝና ሌላም ጨመርኩበት፤ እሱን አሁን ልጽፈው አልቻልኩም፣ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ። ገዲሴ ሠንጠረዧን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰብሳቢው ዶክተር አባይነህ ምን ትያለሽ ሲላት፣ የምለው የለኝም፣ መምህር ካሉ እንደሱ ነው አለች። መልስ ስላጣች መሰለኝ። ከኮሚቴው አንዱ የሐሰት አሃዝ የሚል ቃል ወረወረ፤ በዚህ ዘመን ይህ ቃል የት ድረስ እንደሚሄድ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሥራዋ እስከ ግንቦት መጨረሻ በአማካሪዋ ፊርማ ካልተስተካከለ ከመዝገብ ትሰረዝ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። እኔም ፈረምኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወራት ገዲሴ ቢሮዬ በር ላይ መጥታ አልቆመችም።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሌላ ወረቀት ፍለጋ መሳቢያዬን ስበረብር ያ ካኪ ፖስታ እጄ ገባ። ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ በስፒል የተያያዘች፣ ለአራት የታጠፈች ወረቀት አየሁ። በእጅ የተጻፈች ናት። ቀኑ ሐምሌ ይላል። አሁን በቃሌ ይዣታለሁ። መምህር፣ ይህን ለብቻው ያደረግሁት ኮሚቴው ሳያየው እርስዎ ቀድመው እንዲያዩት ነው ትላለች። ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ ሲመልሱት ለወሮቹ ሁሉ ስምንት የተደመረ ይመስለኛል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላሉት ግን ሰባት ነበር፤ ምናልባት የአሳታሚው ስህተት ይሆናል፤ እርስዎን በማያስነቅፍ መንገድ እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ ይምከሩኝ ትላለች።

ገባሽ አይደል እትዬ? የኛ አዲስ ዓመት መስከረም ላይ ይብታል፣ የነሱ ጥር አካባቢ፤ ስለዚህ እስከዚያ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይደመራል። ሰባትና ስምንቱን የስምንተኛ ክፍል ልጅ እንኳ አያምታታም። እኔ አዋቂ ነኝ ባዩ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጬ ለሁሉም ስምንት ደመርኩና የአንዱን ዓመት አራት ወር አንስቼ ወደሚቀጥለው ዓመት ወሰድኩት። ዝናብ በጠፋበት ዓመት የራቀውን ውሃ፣ በደህናው ክረምት ማግስት ራቀ ብዬ ጻፍኩ። የለቡ ጉድጓድ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ለውጥ የለውም ያልኩት በዚህ ስህተት ላይ ቆሜ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ጠቀሰልኝ። የሚያየው ሲጠፋ ገዲሴ አየችው፤ አይታም አልጮኸችብኝም፣ ገበናዬን በስፒል ይዛ ደብቃ ሰጠችኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው።

ያን ዕለት በአዳራሹ ዝም ያለችው መልስ አጥታ አልነበረም። አርባ ሰው ፊት መምህሬ ተሳሳቱ ማለት ነውር ስለሆነባት ነው። አንድ ቃል ብትናገር ራሷን ታድን ነበር፤ እኔን ትጥለኝ ነበር። ራሷን ጣለች። እኔ ያሳደግሁት ክብር፣ ሰው ፊቴ እንዲህ ዝም እንዲል ያስለመድኩበት አመል፣ መጨረሻው ይኸው ሆነ። ወረቀቷን ሐምሌ ላይ ባነበው ኖሮ ደግሞ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ወረቀት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሮጬ ሄድኩ ብዬ ብጽፍልሽ እንዴት ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። ወር ከምናምን ይዤው ዞርኩ። ዛሬ፣ ነገ፣ ከጾሙ በኋላ እያልኩ። ሐሚዳ እህል መጉረስ ማቆሜን አይታ አስጨነቀችኝና ነገርኳት። እሷም፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው፣ የሰው ልጅ ከመዝገብ ልትሰረዝ አንተ እዚህ ታምጣለህ ወይ አለችኝ። ደግሞም አለች፣ ወንድ ልጅ ሆነህ አንዲት ሴት የተሸከመችልህን አንተ መሸከም አቃተህ ወይ አለች። ሐሚዳን ታውቂያታለሽ፤ ስትናገር አታለሰልስም።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተነስቼ ሄድኩ። እስከ መካኒሳ በአውቶቡስ፣ ከዚያ የአቦን ቤተ ክርስቲያን አልፌ ወደ ለቡ በእግሬ። ሦስት ዓመት ያማከርኳት ተማሪ ቤቷ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ የበንቲ ፈየራ ቤት የቱ ነው እያልኩ ሰው ጠየቅሁ። አባቷ ኦቦ በንቲ ከደጅ ተቀበሉኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና ዝቅ ብለው እጄን ሳሙኝ። አንቱ ኖት እንዴ፣ ልጄን ሰው ያደረጉልኝ አሉኝ። ልጃቸው በቤቷ የነገረቻቸው ሌላ ነው። ዓይኔን ንባብ ስላደከመው መምህሬ ጥቂት እረፊ አሉኝ ብላ ነው የነገረቻቸው። ለአባቷ እንኳ አሳልፋ አልሰጠችኝም።

ምግብ ሊቀርብ ሲል ጾመኛ መሆኔን ተናገርኩ፤ ረመዳን ነበር። ኦቦ በንቲ የቀረበውን ሁሉ መልሱት፣ እንግዳ እየጾመ እኛ አንበላም አሉ። በፋሲካቸው ሰሞን ቤተሰቡ በሙሉ ምሳውን ተወ። ከዚያ ጓሮ ወስደው ጉድጓዳቸውን አሳዩኝ። ያኔ ይቺን ጉድጓድ በገመድ ይለካት የነበረው ቀጭን ልጅ አንቱ ኖት አይደል አሉኝ፤ ሰውየው ምን ይፈልጋል እያለች ልጄ መውጫ መግቢያ አሳጥታኝ ነበር፣ ትምህርቱን የወደደችው ከዚያ ወዲህ ነው አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህን ጊዜ ገዲሴ ከወንዝ ዳር ካለው የአትክልት መሬት መጣች፤ እጇ ጭቃ ነበር። አየችኝና ቆመች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልኩም። ኦቦ በንቲ፣ ልጅዎ ዓይኗን አልደከማትም፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ አልኩ። ሥራዋን አለማንበቤን፣ ስህተቱ የኔ መሆኑን፣ በሰው ፊት ማዋረዴን ሁሉ ተናገርኩ። ምን ብለህ አዋረድካት ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ሲሉኝ የነበሩት ሰው አንተ አሉኝ። ያን ላንቺ መጻፍ ያቃተኝን ቃል ያን ጊዜ በአባቷ ፊት ደገምኩት። ቁጥር ካቃተሽ የአባትሽን በሬ እየቆጠርሽ ብትቀመጪ ይሻልሽ ነበር ነው ያልኳት፣ እትዬ። ሰውም ሳቀ።

ኦቦ በንቲ ወደ በረታቸው ዞር ብለው አዩ። ከዚያ፣ በሬዎቼ አራት ነበሩ፣ ሁለቱን ለሷ ትምህርት ብዬ ሸጥኳቸው፣ የቀሩት ሁለት ስለሆኑ ቁጥር አያስቸግሩም አሉኝ። ገዲሴ ፊቷን አዙራ ወጣች። እኔ ይቅር በሉኝ ብዬ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ነውሩን በአዳራሽ ሠርተህ ይቅርታውን ለጓዳዬ አመጣህልኝ አሉኝ። እዚህ የሳቀባት የለም፤ የሳቁባት ዘንድ ሂድ አሉኝ። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እንዲያውም እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ያ ሁሉ መንገድ ግን ከለቡ እስከ ጎፋ እንዴት እንደረዘመብኝ።

በማግስቱ ሰብሳቢያችን አባይነህ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር እንዲበርድ ይወዳል። ምን አስጨነቀህ፣ ተማሪዋ ሥራዋን አስተካክላለች ብለህ ጻፍ፣ እኛም እናጸድቃለን፣ አሥር ዓመት የኖረ ጽሑፍ ዛሬ ተሳስቷል ብሎ መለፈፍ ለማን ይጠቅማል አለኝ። እትዬ፣ ልክ ነህ አልኩት። ደስ ብሎኝ ወጣሁና ያንኑ ጻፍኩ። አሰገደች ታይፕ ስታደርግ ተማሪዋ የተገኘባትን ስህተት በማረሟ የሚለው ላይ ስትደርስ እጇን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አነሳች። የገዲሴን ረቂቅ እኔ ነኝ ታይፕ ያደረግሁት፣ የትኛው ስህተቷ ነው የታረመው፣ ገጹን ይንገሩኝ አለችኝ።  ወረቀቱን ከመኪናው ስቤ አወጣሁት። ሁለተኛ ጊዜ ላዋርዳት ምን ያህል እንደቀረኝ ያኔ ነው የታየኝ።

ግንቦት ላይ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ጥር ላይ የነበሩት ሁሉ ይጠሩልኝ ብዬ ለመንኩ፤ አብዛኞቹ መጡ። ገዲሴም መጣች፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰሌዳው ላይ ወጥቼ የኛን ወሮች በአንድ በኩል፣ የፈረንጆቹን በሌላ በኩል ጻፍኩ። ሰባት በምደምርበት ስምንት ደምሬያለሁ፣ ያሳተምኩት ሠንጠረዥ ስህተት ነው፣ የሷ ልክ ነው አልኩ። ይህንን ሐምሌ ላይ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር፣ አላነበብኩም አልኩ። ስለ በሬው የተናገርኩትንም እዚያው አንስቼ፣ ያን የተናገርኩት ባለጌ ስለሆንኩ ነው አልኩ።  አንድም ሰው አልሳቀም፤ ቢስቁ ሳይሻለኝ አይቀርም ነበር። አንዱ መምህር ስለ አንድ የመካኒሳ ጉድጓድ ጥያቄ አነሳ፤ እኔ ልመልስ አፌን ከፈትኩና ቶሎ ዘጋሁት። የሥራው ባለቤት ከኋላ ተቀምጣለች፣ እሷን ጠይቁ አልኩ። ገዲሴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። መጀመሪያ የምትለው አይሰማም ነበር፤ እየቆየ ድምፅዋ ተከፈተ። ስትጨርስ መሽቶ የመውጫ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ማንም አልተነሳም። ኮሚቴው የጥር ወሩን ውሳኔ ሻረ፤ ትምህርቷን ትቀጥል ተባለ።

እኔ በቃ፣ አለቀ ብዬ ቀለል አለኝ። በሳምንቱ ቢሮዬ መጣች። እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ አልኳት፤ ወንበሬን ስቤ ከጎኗ ልቀመጥ ስል ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አስቆመኝ። መምህር አለችኝ፣ እኔም አባቴም ይቅር ብለንዎታል፣ ቂም የለብንም። ግን ቁጥር ልጽፍ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል፣ እጄ አልታዘዝ ይለኛል፣ ስለዚህ ዶክተር ሙሉሰው ያማክሩኝ አለችኝ።   የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሙሉሰው ተማሪ የሚሰማ ሰው ነው፤ ከኔ የተሻለ ነው። ጥሩ መርጠሻል አልኳት፤ ከልቤ ነው።

ፎርሙን ሰጠችኝ። አማካሪ ለመቀየር የሚሞላ ቅጽ ነው፤ የቀድሞው አማካሪ ካልፈረመበት አያልፍም። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈቷ፣ አማካሪው የሥራ ብዛት ስላለባቸው ብላ ሞልታዋለች። ይህን ሁሉ አድርጌባት፣ ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላም፣ አሁንም ልትሸፍነኝ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ መስመሩን ሰረዝኩትና ከሥሩ ጻፍኩ፦ የሰጠችኝን ረቂቅ ስድስት ወር ሳላነብ አስቀምጬ፣ በራሴ ስህተት እሷን በሰው ፊት ስላዋረድኳት። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ መለስኩላት። አነበበችውና ደነገጠች። መምህር፣ ይህ እኮ መዝገብ ቤት ገብቶ ሊቀመጥ ነው አለችኝ። ይቀመጥ አልኳት።

ይኸው ነው እትዬ። ለሸምሱ አክባሪ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ለጎኑ መድኃኒት በሰው እልክለታለሁ። ለልጅሽ ለሰዒድ፣ አስተማሪ ሆኖ በመመደቡ እንኳን ደስ አለህ በይልኝ፤ የተማሪ ደብተር ሰብስቦ ሳያርም እንዳያከርም ንገሪልኝ፣ ለምን ብሎ ከጠየቀሽ ይህን ደብዳቤ ስጪው፤ ይወቀው። ትንሿን ልጅሽን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ለእማማ፣ ዱዓቸው እንዳይለየኝ በያቸው። የግድግዳ ጎረቤቶችሽን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ሐሚዳ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ ልጆቹም አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው ይላሉ። አረፋን በጤና፣ በደስታ ያድርስሽ። ለኔም ዱዓ አድርጊልኝ።

ያፈረው ወንድምሽ
ኑሪ

ጎፋ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 11 ቀን 1982 ዓ.ም.